ተልባ ያነሳው ኬክ

ኦረስት የምድጃውን በር ሲከፍት ኬኩ ዓይኑ እያየ መሃሉ ስርጉድ አለ።

«ይሄም ሞተ» አለ።

«ቶሎ ከፈትከዋ!» አለች ሚስቱ ሎርና ከወንበሯ ሳትነሳ። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ ሥር በጄሶ ታስሯል። ከሁለት ሳምንት በፊት ለዶሮዎቿ መኖ ስትወስድ በረዶ አንሸራትቷት ነው። «አርባ ደቂቃ ነው ያልኩህ። አንተ እንደ ወሬኛ ጎረቤት በየደቂቃው ብቅ እያልክ ታየዋለህ።»

«ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የፖሙ ነው።»

«እሺ፣ የመጀመሪያውስ የማን ነበር?»

«የሙዙ።»

ሎርና ሳቀች። የመጀመሪያውን ኬክ ገና በማለዳ በእንቁላል ፈንታ ሁለት ሙዝ አድቅቆ ነበር የጋገረው። እንደ ጡብ ከብዶ፣ ቤቱ ሁሉ ሙዝ ሙዝ ሸተተ። ሁለተኛው ላይ የገባው ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም ነው። አሁን እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ልጃቸው ሮክሳን ደግሞ ካሊናን ይዛ ከሳስካቱን ከተማ እየነዳች ከሦስት ሰዓት በኋላ ትደርሳለች።

ካሊና፣ የልጅ ልጃቸው፣ ዛሬ ሰባት ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመቷ እንቁላል ያለበት ብስኩት አንዴ ገምጣ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ፣ በአምቡላንስ ተወሰደች። ከዚያ ወዲህ እናቷ የሰው እጅ የጋገረውን አታስቀምሳትም። ለልደት ስትጠራ ምግቧ ከቤት በሣጥን ይያዝላታል፣ ለብቻዋም ትበላለች። ባለፈው የገና በዓል ዘመድ ሁሉ የሎርናን ኬክ ሲበላ ካሊና የሩዝ ብስኩቷን እየቆረጠመች ወደ ኦረስት ተጠጋች። እዚያ አገር የዩክሬን ዘር ያላቸው ልጆች ወንድ አያታቸውን «ጊዶ»፣ ሴቷን «ባባ» እንደሚሉት፣ «ጊዶ» አለችው በጆሮው፣ «ኬክ ምን ምን ይላል?»

ኦረስት የጀመረውን ኬክ ሳህኑ ላይ መለሰው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ እህል ሲዘራና ሲያጭድ ኖሯል። ምድጃ የሚያውቀው እግሩን ሲያሞቅበት ብቻ ነበር። የዛሬውን ኬክ ልትጋግር ያሰበችው ሎርና ነበረች፤ እጇ ሲሰበር ግን፣ «እኔ እጋግረዋለሁ፣ አንቺ በአፍሽ ምሪኝ» አላት። እሷም በአፏ መምራቱን ወደደችው።

«እንግዲህ ሌላ ምን ቀረን?» አለ የሰመጠውን ኬክ ለዶሮ ወደሚጣለው ባልዲ እየገለበጠ።

ሎርና ወደ ጓዳው መደርደሪያ በአገጯ ጠቆመች። «ያንን ጠርሙስ አምጣው። ቡናማውን።»

ኦረስት ጠርሙሱን አውርዶ በብርሃን አየው። ተልባ ነው።

«ይሄ ለሆድ ድርቀትሽ የምትበዪው አይደለም?»

«ስለ ሆዴ ማን ጠየቀህ? ፍጨው። የተፈጨ ተልባ ውኃ ሲነካው እንደ እንቁላል ዝልግልግ ይላል። እህቴ ስትሠራበት አይቻለሁ።»

«ተልባ አርባ ዓመት ዘራሁ» አለ ኦረስት። «በመኪና ጭኜ እየወሰድኩ ሸጥኩ። አንድም ቀን ግን ቀምሼው አላውቅም።»

«ዛሬ ትቀምሰዋለህ። ለአንድ እንቁላል አንድ ማንኪያ ዱቄቱን፣ ሦስት ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ። ኬኩ ሦስት እንቁላል ነው የሚፈልገው። ለሁለቱ ተልባ እናደርጋለን።»

«ለሦስተኛውስ?»

«ኮምጣጤና ሶዳ። አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ። ተልባው ያያይዘዋል፣ እነሱ ያነሱታል። ግን ኮምጣጤውን መጨረሻ ላይ ነው የምታደርገው። ሲገናኙ ይፈላሉ፤ ያኔ ቆመህ የምታደንቅበት ጊዜ የለህም፣ በቀጥታ ወደ ምድጃ።»

ተልባውን ትናንት በገዛው አዲስ መፍጫ ፈጨው። ጎድጓዳ ሳህኑም፣ ማማሰያውም፣ መጋገሪያውም አዲስ ናቸው። የዶሮዎቹን እንቁላል በሙሉ ጠዋት ወደ ጋጣው አውጥቶት ነበር፤ ጠረጴዛውንም ሁለት ጊዜ በሳሙና ፈትጎታል። አሁን ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ካካዋውንና ሶዳውን አደባለቀ፤ ዘይትና ውኃ ጨመረ። ተልባው በውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ነበር፤ ወደ ሊጡ ሊጨምረው በማንኪያ ሲያነሳው ተጎትቶ ተንጠለጠለ።

«ኧረ ይሄ ነገር ንፍጥ ይመስላል።»

«ለልጅቷ እንዳትነግራት።»

ኮምጣጤውን ሲያፈስበት ሊጡ ተንጫጫ፣ አረፋ ደፈቀ። «ሩጥ!» አለች ሎርና፣ ኦረስትም ሮጠ። ከዚያም ወንበር ስባ የምድጃው በር ፊት ለፊት ተቀመጠች። «እስኪ አሁን ክፈተውና እንተያያለን። በዚህ ጄሶ ነው የማቀምስህ።»

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያወጣው ኬክ አናቱ እንደ ኮረብታ አብጦ ነበር። ሁለቱም ቆመው ጠበቁት። አልሰመጠም። ኦረስት ሚስቱን ግንባሯን ሳማት፣ እጇንም ረስቶ አቀፋት።

«ወይኔ እጄን!» ጮኸች፤ ግን አልገፋችውም።

ሮክሳንና ካሊና ሲደርሱ ኬኩ ቀዝቅዞ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጦ ነበር። ካሊና አየችው፤ ወዲያው ዓይኗን ሰብራ የራሷን የምግብ ሣጥን መፈለግ ጀመረች።

«አባዬ» አለች ሮክሳን ካፖርቷን ሳታወልቅ። «ይሄ ምንድነው? ተነጋግረን ነበርኮ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ካልሽ እንተወዋለን። መጀመሪያ ግን ይሄን እዪልኝ።»

ከኬኩ ጎን የዱቄቱን ከረጢት፣ የካካዋውን ቆርቆሮ፣ የኮምጣጤውንና የተልባውን ጠርሙስ፣ የገባበትን ሁሉ ደርድሮላታል። ሮክሳን አንድ በአንድ እያነሳች ከጀርባቸው የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች። ካሊና ወንበር ይዛ እናቷን ታያለች።

«መጋገሪያው?»

«አዲስ ነው። ካርቶኑ ይኸውልሽ፣ ዋጋው ሥሩ ላይ ተለጥፏል፣ ገልብጪው።»

ገለበጠችው። «ማንኪያውስ?»

«አዲስ።»

«ተልባው ከየት ነው?»

«ከአባትሽ ማሳ» አለች ሎርና። «የመጨረሻው ምርት።»

ሮክሳን ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ተልባ ካሊና በየቀኑ በምትበላው ዳቦ ውስጥ አለ፤ አይጎዳትም። ካፖርቷን አወለቀችና ተቀመጠች። «ቁረጥላት፣ አባዬ» አለች።

ካሊና መጀመሪያ በሹካዋ ጫፍ ትንሽ ነካች። አኘከች። ሦስቱም አዋቂዎች አፏን ነው የሚያዩት።

«እንዴት ነው?» አለ ኦረስት።

«ቆይ፣ ገና ነኝ» አለች፣ አንድ ትልቅ ጉርሻ ደግማ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ለስላሳ ነው! ባባ፣ አንቺም ብዪ! እማዬ፣ አንቺም! ሁላችሁም ከዚሁ ብሉ!»

አያቷም እናቷም በሉ። ኦረስት አርባ ዓመት የዘራውን ተልባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰና ጣዕሙ ጨርሶ እንደማይታወቅ ተረዳ፤ ትንሽ ቅር አለው። ካሊና ሦስተኛ ቁራሽ ጠይቃ ተከለከለች፤ ጥርሷ ካካዋ መስሎ እየዞረች ዘፈነች።

ሮክሳን ልጇን ስታይ ቆይታ ስልኳን አወጣች። ለሦስት ቀን መልስ ያልሰጠችው መልእክት ነበር፤ የካሊና የክፍል ጓደኛ እናት በመጪው ቅዳሜ ለልጇ ልደት ጠርታታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አይመቸንም» ብላ ትመልስ ነበር። አሁን ጻፈችና ላከችው።

«ምን አልሻት?» አለች ሎርና።

«እንመጣለን፣ ኬኩንም እኛ እናመጣለን አልኳት።» ወደ አባቷ ዞረች። «አሥራ ስምንት ልጆች ናቸው። ይከብድሃል?»

ኦረስት ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ስልክ ሄደና ለጓደኛው ለመርቪን ደወለ። ቅዳሜ ከሰዓት በአቅራቢያቸው ባለችው ትንሽ ከተማ የበረዶ ሜዳ ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትቱበት ግጥሚያ አላቸው፤ ኦረስት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

«መርቪን፣ የቅዳሜውን በኔ ቦታ ሰው ፈልግ» አለ። ከወዲያ በኩል የጩኸት ድምፅ ተሰማ። ኦረስት ጆሮውን ከስልኩ አራቀ፣ መልሶ አስጠጋው።

«አልታመምኩም፣ ደህና ነኝ» አለ። «ኬክ እጋግራለሁ።»