የሚካኤል ድፎ በመንገድ ዳር

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ልጄ ወርቅዬ በኩፍኝ ታማ ተረፈችልኝ። ከዳነች የሰፈራችን ሴቶች የሚካኤል ማኅበር እገባለሁ ብዬ ተስዬ ስለነበር፣ የመጀመሪያ ተራዬ በኅዳር ሚካኤል ደረሰ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ እትዬ ወለተጻድቅ ነበሩ። ሲቀበሉኝ «እናያለን፤ መጀመሪያ ደግሰሽ አሳዪን» ብለውኛል። ስንዴ በጠፋበት ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ ከአፋችን እየቀነስኩ ለአንድ ትልቅ ድፎ የሚሆን ዱቄት አጠራቀምኩ። ማኅበርተኞቹ የሚመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ግን እንዳያርርብኝ፣ ሊጥ ሆኖም እንዳይቀርብኝ እየሰጋሁ ገና በጠዋት ጋገርኩት።

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። ከደጄ ፊት ለፊት፣ ጣሊያኖቹ በግድ የሰበሰቧቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ለአዲሱ መንገድ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። ስንቃቸውን የሚያመጣው ካሚዮን ከትናንት ጀምሮ አልመጣም። ኮባውን ስገልጠው ሽታው መንገዱን ተሻገረ፤ የመዶሻው ድምፅ ቀጥ አለ።

«እቴ!» ብሎ ተጣራ መገርሳ የሚባለው ቀልደኛ። «ወይ ዳቦውን ክደኚው፣ ወይ አፍንጫችንን ክደኚልን!»

ጓደኞቹ ሳቁ። ቱሉ የሚሉት ግን ለመሳቅ እንኳ አቅም አጥቶ ድንጋይ ተደግፎ ነበር።

ውሃ ወሰድኩላቸው። ስመለስ ቢላዋ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት። የማኅበር ዳቦ ካህን ሳይባርከው አይቆረስም። ሙሉውን ካላቀረብኩ ደግሞ እትዬ ወለተጻድቅ ከማኅበሩ ያስወጡኛል፤ ስለቴም ይቀራል። ስለቴ ከቀረ ወርቅዬ... ማሰብ እንኳ አልፈለግሁም።

ልጄን አዝዬ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ ጉልላት ሮጥኩ።

«አባቴ፣ አሁኑኑ መጥተው ዳቦዬን ይባርኩልኝ!»

«ጽጌማርያም፣ ማኅበሩ ገና ነው እኮ።»

ነገሩን ስነግራቸው መስቀላቸውን ይዘው ቀደሙኝ።

ዳቦውን በሰፌድ ይዘን ከደጄ ስንወጣ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? እትዬ ወለተጻድቅ! ዝግጅቴን ሊቆጣጠሩ በጊዜ መምጣታቸው ነው።

«ወዴት ነው?»

«ርቧቸው... እነዚህ ሰዎች...» አልኩ።

«ማኅበርተኛውስ ምን ሊበላ ነው?»

«ወለተጻድቅ፣» አሉ አባ ጉልላት፣ «ሚካኤል አሥራ ሁለት እንግዳ በጠዋት ላከብን። ከሰዓት ኑ እንበላቸው?»

ይህን ጊዜ ሰዎቹን የሚጠብቀው የጣሊያን ወታደር ጠመንጃውን አግድም ይዞ እየጮኸ መጣብን። እኔ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ ወለተጻድቅ ግን ንዴታቸውን የሚያወርዱበት ሰው አገኙ።

«አንተን ደግሞ ምን ያስጮህሃል? እነዚህን በረሃብ ፈጅተህ መንገዱን ብቻህን ልትሠራው ነው? እናት የለህም?»

ጣታቸው አፍንጫው ሥር ደረሰ። ሰውየው አማርኛ ባያውቅም ቁጣው ገባው መሰለኝ፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ መልሶ ፊቱን መንገድ ዳር ወዳለው ባሕር ዛፍ አዞረ።

አባ ጉልላት ባርከው ቆረሱ። እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አደግድገው አደሉ። ቱሉንም ዳቦውን በውሃ እያራሱለት፣ «ቀስ ብለህ፣ ያንቅሃል!» እያሉ በእጃቸው አጎረሱት።

«እናቴ፣ እኔም ደክሞኛል» አለ መገርሳ አፉን ከፍቶ።

«አንተን ያደከመህ ወሬ ነው!» አሉትና አጎረሱት።

ከሰዓት በኋላ ለማኅበርተኞቹ የቀረበው ጠላዬና እትዬ ወለተጻድቅ ከቤታቸው ያስመጡት ንፍሮ ብቻ ነበር።

«ዳቦውስ?» አለች ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ ዋጋነሽ።

ሁሉም ወደ ሙሴያችን ዞሩ። ወርቅዬን ጭኔ ላይ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸው ላይ የቀረች ፍርፋሪ አንሥተው አፋቸው ውስጥ ጣሉና ቀስ ብለው አላመጡ።

«እንግዶች በሉት። ዋጋነሽ፣ የታኅሣሥ ተረኛ አንቺ ነሽ አይደል? አንቺም በጠዋት ጋግሪ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጨው አንሶታል። በሚቀጥለው ተራሽ ጨምሪበት።»