የጂራ እባብ

ጉዩ አይጧን በፎጣ ይዛ ከመስታወት ሳጥኑ አወጣቻት። አይጧ ምንም አልሆነችም፤ እባቧ ግን ጀርባዋ ተበልቶ፣ ደም እየወጣት ጥግ ላይ ተጠቅልላለች። ጉዩ ስልክ ደወለች።

"ሃዋኒ፣ ኮቱ! ቶሎ ነይልኝ። የጂራን እባብ ገደልኳት መሰለኝ።"

ሃዋኒ አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ትሠራለች፤ የጂራ ጓደኛ ነበረች። ጂራ የጉዩ አንድ ልጅ ነበር። የተሳፈረበት ሚኒባስ አዲስ ዓለም አጠገብ ተገልብጦ ሞተ፤ አርባው የወጣው ባለፈው እሑድ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ "ይህን ሰይጣን ከቤትሽ አውጪ" ቢላትም እንቢ አለች። እሱ ሳለ እባቧ ባለችበት ክፍል ደጃፍ እንኳ የማታልፍ ሴት፣ አሁን የስፌት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት የእባቧን ውሃ ትቀይራለች።

ሃዋኒ መጥታ የሳጥኑን ክዳን ስታነሳ የጥድ ሽታ አፍንጫዋን መታው።

"እትዬ ጉዩ፣ ይሄን ማን አነጠፈው?"

"እኔ ነኝ። ጂራ የሚያነጥፍላት ጋዜጣ ነበር፤ አሳዘነችኝ። አናጢው ጋ ሄጄ የጥድ ፍቅፋቂ ለመንኩላት። ይሞቃታል፣ ሽታውም ደስ ይላል ብዬ።"

"ሽታው እኮ ነው የጎዳት፤ ሳንባዋን ያቃጥላል። ስትተነፍስ ይስሙ።"

ጉዩ ጆሮዋን አስጠጋች። ቀጭን ፉጨት ሰማች።

"አይጧንስ ከነነፍሷ ትተውላት ነው?"

"ከትናንት ጀምሮ። እባብ አድኖ አይደል የሚበላ?"

"እባቧ ካልራባት ዞር ብላም አታያትም። አይጧ ግን ሲርባት እሷኑ ትበላታለች። ጂራ ገድሎ፣ በመቆንጠጫ ይዞ ነበር የሚሰጣት። ከወገቧ የወፈረ አይጥም አይሰጣትም። አልነገረዎትም?"

ጉዩ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ሊነግረኝ ሞክሯል" አለች። "ራት ላይ ሁልጊዜ ይጀምርልኝ ነበር። 'እማ፣ ዛሬ እኮ እባቧ...' ሲል 'በማርያም! ማዕድ ላይ ስሟን አታንሳ' እለዋለሁ። ዝም ይላል። ስንቴ ዝም እንዳሰኘሁት አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ አላስጨረስኩትም፣ ሃዋኒ።"

ሃዋኒ ፍቅፋቂውን ጠርጋ አወጣች፤ ሳጥኑን አጥባ ንጹሕ ወረቀት አነጠፈች፤ ቁስሉን ለብ ባለ ውሃ አጸዳች።

"ቁስሉስ ይድናል። ሳንባዋን ግን የእንስሳት ሐኪም ይያት። እኛ ቤተ ሙከራ ማሞቂያም አለ። ልውሰዳት?"

ጉዩ እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። እባቧ ከወጣች በዚህ ቤት ከጉዩ ሌላ የሚተነፍስ ነገር አይቀርም።

"ውሰጃት።"

ሃዋኒ ሳጥኑን አቅፋ በሩ ጋ ስትደርስ ጉዩ ተከተለቻት።

"ከተሻላት መቼ ነው የምታበሏት?"

"የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ።"

ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሱቋ ሰው የሚገባበት ዋናው ቀን።

"እዘጋዋለሁ" አለች ጉዩ። "እመጣለሁ። መቆንጠጫውን እኔ ልያዝ፤ አንቺ እጄን ይዘሽ አሳዪኝ።"