ለቦሩ የቆሙ ሽማግሌዎች

በሩ ሲንኳኳ ቦሩ ከፍሪዘር ያወጣውን የአተር ከረጢት ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ሶፋው ትራስ ሥር ከተተና ሱሪውን ወደ ታች ጎተተ። ሲከፍት ጋሽ እሸቴ፣ ኦቦ ባይሳና ከኬንያውያን ቤተ ክርስቲያን የመጡ አንድ ፓስተር በከረቫት ቆመዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ በከረቫት ከመጣ፣ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሴት ልጅ ልትጠየቅ ነው። ቦሩ ሚስት እንጂ ሴት ልጅ የለውም፤ ስለዚህ የሟቹን ስም ለመስማት ተዘጋጀ።

"ተፈቅዶልሃል" አሉ ጋሽ እሸቴ። "ዛሬ ትጫወታለህ።"

ገብተው ተቀመጡ። ጋሽ እሸቴ አተሩ ያለበት ትራስ ላይ ተመቻቹና ነገሩን ከመጀመሪያው አወሩት። እንደ ልጃቸው የሚያዩት ቦሩ ዘጠኝ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይተዋል። አንድ ልጅ ይህን ያህል ከተቀመጠ ከአለቃው ጋር ተጣልቷል ማለት ነው፤ የተጣላ ደግሞ ይታረቃል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ወደ ቡድኑ አሠልጣኝ፣ ወደ ኮቹ ቤት ሄዱ። የኮቹ ሚስት ግቡ፣ ሻይ ጠጡ አለች። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ አይቀምስም። በረንዳው ላይ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ኮቹ ሃይማኖት ሊሰብኩት የመጡ መስሎት ቤተ ክርስቲያን እንዳለው ደጋግሞ ነገራቸው። ፓስተሩ ሽምግልና ምን እንደሆነ የተነገራቸው መኪና ውስጥ ነው፤ ከሁሉም የጸኑት ግን እሳቸው ነበሩ።

"'አጥፍቶ ከሆነ ለእኛ ስትል ማርልን' አልነው" አሉ ጋሽ እሸቴ። "በመጨረሻ እሺ አለ። ልቡ ተነክቷል መሰለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።"

"ብርዱ ነው" አሉ ኦቦ ባይሳ።

ጋሽ እሸቴ ከመቀመጫቸው ትንሽ ፈቀቅ አሉ። "ይሄ ቤት ግን ሂት፣ ማሞቂያ የለውም እንዴ? ከፈለግህ የሕንፃው ማናጀርም ጋ እንሄድልሃለን።"

ቦሩ አይ፣ ይበቃል አለ። ሲሸኛቸው ጎንበስ ብሎ ሊስማቸው ሲል ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። በሳል ሸፈነው።

ቦሩ የኬንያ ልጅ ነው፣ ከሞያሌ። ድንበሩ ከተማዋን ለሁለት ስለሚከፍላት አማርኛውን የተማረው መንገድ ተሻግሮ ገበያ ሲላክ ነው። ሁለት ሜትር ከአራት ሲደርስ ናይሮቢ ውስጥ አንድ የባንክ ቅርጫት ኳስ ቡድን ወሰደው፤ ከዚያ ሰሜን ዳኮታ የሚገኝ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ሰጠው፤ ከዚያ ሚኒያፖሊስ። ያለበት ሊግ ከኤንቢኤ ሦስት ደረጃ ዝቅ ይላል፤ ጨዋታው በሃይስኩል ጂም ነው፤ ቢሆንም ፕሮፌሽናል ይባላል። ኬንያውያኑ የእኛ ነው ይላሉ፣ ኦሮሞዎቹ የእኛ ነው ይላሉ፣ የአዲስ አበባዎቹ ደግሞ ሌሎቹ ስለሚሄዱ ይሄዳሉ።

በኅዳር የጉልበቱ ጅማት ተቀደደ። የሚያውቁት ሚስቱ አያንቱና ኮቹ ብቻ ናቸው። የቡድኑ ባለቤት ካወቀ ውሉ ይቋረጣል፤ ውሉ ከተቋረጠ ቪዛውም አብሮ ይሄዳል። አያንቱ በስደተኝነት የመጣች ናት፤ ስድስት ሳምንት ቆይታ ለዜግነት ቃለ መሐላ ትፈጽማለች፤ ከዚያ ለባሏ ወረቀት ታስገባለች። እስከዚያ ከቦሩ የሚጠበቀው መቀመጥ ብቻ ነበር። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቀላል ሥራ ተሰጥቶት አያውቅም።

አያንቱ አዛውንት ከምትንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ፈረቃዋን ጨርሳ ስትገባ ትራሱ ረጥቦ አገኘችው። ሁሉንም ነገራት።

"እውነቱን ንገራቸው" አለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ።

"ለጋሽ እሸቴ ከምነግር ለቡድኑ ባለቤት ራሴ ብደውልለት አይሻልም?"

ይህን መካድ አልቻለችም። ጋሽ እሸቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ፤ የሰሙትን ሁሉ ከሴዳር ሪቨርሳይድ እስከ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያደርሳሉ፣ ያለ ሂሳብ።

"እንግዲያው አልጫወትም በል።"

"ሽማግሌ ብርድ ላይ ቆሞ የለመነልኝን?"

አያንቱ ጫማዋን አወለቀች። እሷም የሞያሌ ልጅ ናት፤ ሽማግሌ ያሰረውን ሽማግሌ ካልሆነ የሚፈታው እንደሌለ ታውቃለች። "ከገባህ ስንት ደቂቃ ትችላለህ?" አለችው።

"አንድ ዝላይ።"

ከሰዓት በኋላ፣ በጂሙ ኮሪደር ላይ፣ ኮቹ ጠብቆ ያዘው። እሱም የተኛ አይመስልም። "ቃል ሰጥቻቸዋለሁ። ካላስገባሁህ ተመልሰው በረንዳዬ ላይ ይቆማሉ" አለ። "ሚስቴ ሁለት ሌሊት ሙሉ ስለ እግራቸው ስታስብ ነበር። በመጨረሻው፣ አራተኛው ኳርተር ላይ እጠራሃለሁ። ካልፈለግህ ከእነሱ ጋር አንተው ጨርስ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፣ ጠዋት ባሰሩት ከረቫት። ከኋላቸው ሁለት መቶ የሚሆን ሰው አለ። የቡድኑ ባለቤት ትይዩ ተቀምጦ ቲኬት የገዛውን ሕዝብ በደስታ ያያል። ሦስተኛው ኳርተር አልቆ ኮቹ ቦሩን በጣቱ ሲጠራው ሁለት መቶው ሰው አንድ ላይ ተነሣ። ስሙን እየደጋገሙ መሬቱን በእግራቸው መቱት።

ቦሩ ተነሣ። ወደ ኮቹ ሳይሆን ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄደ፣ ለባለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ጋሽ እሸቴ ፊት ቆመ። እጃቸውን ያዘና ጉልበቱ ላይ አኖረው። ሰዉ ምርቃት መስሎት ጸጥ አለ፤ አንዳንዱ አሜን አለ።

የጋሽ እሸቴ ጣቶች ከሱሪው ሥር መጀመሪያ የጉልበት ማሰሪያውን ብረት፣ ቀጥሎ እብጠቱን አገኙ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ። ቦሩ ሲያንሾካሹኩ ሰምቷቸው አያውቅም።

"ከኅዳር ጀምሮ ነው፣ ጋሼ። ኮቹ አልበደለኝም፣ ሲሸሽገኝ ነው የከረመው። ስድስት ሳምንት ሰው ካላወቀ ወረቀቴ ይተርፋል። ለማንም እንዳትናገሩብኝ።"

ጋሽ እሸቴ ዞረው ሁለት መቶውን ሰው አዩ። እያንዳንዱ፣ ቦሩ ምን እንዳላቸው ሊጠይቃቸው ነው፤ ግማሹ ደግሞ ታክሲያቸው ውስጥ ሆኖ። ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ፊሽካው ተነፋ፤ ከማዶ ባለቤቱ አንገቱን አሰገገ።

"ሂድ ልጄ፣ ወንበርህ ላይ ተቀመጥ" አሉ ኦቦ ባይሳ ቀስ ብለው። "በኋላ እንነጋገርበታለን።"

"ሦስታችሁም እሺ ሳትሉኝ አልቀመጥም" አለ ቦሩ፣ በታመመው እግሩም ጭምር ቀጥ ብሎ ቆሞ።