የአባዬ የመጨረሻ ሳጥን

ስድሳ ዓመት ሙሉ የግድግዳ ሰዓት ሳጥን የሠራው ድርጅታችን አንድም የሚሠራ ሰዓት አልነበረውም ብል ማን ያምነኛል? እኛ የምንሠራው ሳጥኑን ብቻ ነው፤ ሞተሩን የሚገጥሙት ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሰዓት ሠሪ ናቸው። ምሳ መድረሱን የምናውቀው አያቴ መላጊያቸውን ሲያስቀምጡ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሚያስቀምጡት ሲርባቸው ነው።

አያቴ ያቋቋሙት፣ አባዬ ያሳደገው ቤት ነው። ወይ ያ ጊዜ! የኮላውና የቫርኒሹ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድ ልማድም ነበረን፤ ሳጥን የሠራ ሰው የጀርባውን ክዳን በብሎን ከማሰሩ በፊት የልቡን በእርሳስ ከውስጥ ይጽፋል። «ዛሬ አውራ ጣቴን ቀጠቀጥኩ።» «አለቃችን ሲነጫነጭ ዋለ፣ ሚስቱ ተቆጥታው መሆን አለበት።» ሰዓት ሠሪው ሞተር ሊገጥሙ ሲከፍቱት ብቻቸውን ሲስቁ እኛ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እኔና አባዬ ተጣላን። «የእንጨቱን የሚገዛ የለም፣ በፕላስቲክ እንሥራ» አልኩት፣ ያውም በሠራተኛ ፊት። ምላሴ ይቆረጥ! አባዬ በሳምንቱ አንድ ሳጥን ጨርሶ ከጠረጴዛዬ በላይ ሰቀለና ሽርጡን አውልቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ የድርጅቱን ደጅ አልረገጠም።

ውስጡ እንደጻፈ አውቃለሁ። ግን ስድብ ነው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር እርግማን ነው ብዬ መክፈቱን ፈራሁ፤ እልህም ያዘኝ። ማታ ከሥራ ቤት ስገባ አባዬ ሁሌ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኛል።

«ሳጥኑ እንደተሰቀለ ነው?»

«እንደተሰቀለ ነው» እለዋለሁ ኮስተር ብዬ። እንዲህ እንደተኮራረፍን በአራተኛው ወር ሞተ። ሳንታረቅ መሄዱ ሲቆጠቁጠኝ ኖረ።

ፕላስቲኩ እነዚህን ሁሉ ዓመታት አበላን። አሁን ግን ሰው ሰዓት የሚያየው በስልኩ ሆነና ትናንት ድርጅቱን ዘጋሁ። ዕቃ ስሰበስብ ሰዓት ሠሪው ካቻቢቴያቸውን ይዘው መጡ። አርጅተዋል፣ ነገረኛነታቸው ግን እንዳለ ነው።

«የአባትሽን ሳጥን አውርጂልኝ፣ ሞተር ልግጠምለት።»

«ይተዉት ጋሼ፣ አይከፈት።»

«ታዲያ ሞተሩ በጸሎት ይገባል?»

ብሎኑን ፈቱ። ክዳኑን አንስተው አነበቡና፣ ሳይስቁ አቀበሉኝ። የአባዬ ጠማማ ጽሕፈት ነው።

«ልጄ ልክ ናት። ፊቷ ቆሜ መናገር ግን አቃተኝ። መቼም እሷ ችኩል ናት፣ ዛሬውኑ ትከፍተዋለች። ያኔ ቤት መጥታ ትስቅብኛለች።»

አራት ወር ሙሉ ሲጠብቀኝ ነበር። ወይኔ አባዬ! ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ጋሼ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ። ከሥሩ «አባዬ፣ ዛሬ ገና ከፈትኩት» ብዬ ጻፍኩ።