ሻይ እስኪበርድ

«ኧረ ምላስህ ይቃጠላል፣ አንተ ሰውዬ!» አለች ጡሩንባ።

አናጢው ግን አልሰማትም። ሻዩን ከፔርሙሱ እንደተቀዳ ግጥም አደረገውና ዓይኑ እንባ ሞላ። ለቀስተኛው ሁሉ አንገቱን ደፋ። «አይ፣ አንጀቱ ነው የተቃጠለው» አለ አንዱ ከጥግ። አንጀቱስ ተቃጥሏል፣ ውሸት አይደለም። የአሁኑ እንባ ግን የምላሱ ነው።

ሰፈሩ «ችኩሌ» ነው የሚለው። ሻይ በትኩሱ፣ ወሬ በጥሬው፣ ምስማር በአንድ ምት። ሚስቱን ደግሞ «ቀሴ» ይሏት ነበር፤ ቤት እየነደደ ቢጠሯት እንኳ ጫማዋን አስራ ነው የምትመጣው። እሱ ይሠራል፣ እሷ ታቀልማለች። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲሠሩ ኖሩ። ቀሴ ከሞተች ዛሬ አራተኛ ቀን።

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሰው የተቀመጠበት ወንበር፣ ብርጭቆ ያስቀመጠበት ጠረጴዛ፣ ሁሉም በእሷ እጅ የተቀለመ ነው። ግን ማን ልብ ይላል? ጥሩ ቀለም እንደ ጤና ነው፤ እስኪበላሽ ድረስ ማንም አያየውም።

ጡሩንባ የቀሴ ታላቅ እህት ናት። ይቺ ሴትዮ ስታንሾካሹክ ጎረቤት መስኮት ከፍቶ ይሰማል። አሁንም ወደ ጎረቤታቸው ወደ ግድግዳ ቀቢው ጆሮ ጎንበስ ብላ በምስጢር ጮኸች፦

«ያ ጓሮ ያለው ጠረጴዛ ምን ይሁን? ግማሹ ቡኒ ግማሹ ነጭ! ግማሽ ፊቱን ታጥቦ የሮጠ ልጅ መስሏል እኮ!»

«ምን ጣጣ አለው፣ እትዬ» አለ ግድግዳ ቀቢው። «ጠዋት መጥቼ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ቀለም እለቀልቀዋለሁ፤ አለቀ።»

«ማንም አይነካውም!»

ይሄን ያለችው ልጅቷ ናት። የችኩሌና የቀሴ አንድ ልጅ። የሻይ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ጠረጴዛው ለእሷ ነው የተሠራው፤ ሌላ ከተማ አዲስ ቤት ተከራይታለች። ነገ ከሰዓት የጭነት መኪና ይመጣና እሷንም ጠረጴዛውንም ይወስዳል። ሁለት ክንፍ ያለው ታጣፊ ጠረጴዛ ነው። ቀሴ አንዱን ክንፍ አቀለመች። ከዚያ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብላ ገባች። በዚያው ቀረች። ሐኪሙ «ልብሽ ደክሟል፣ ሥራ ይብቃሽ» ካላት ወር አልሞላትም ነበር።

«እንዲሁ ነው የምወስደው» አለች ልጅቷ። «የእማዬ እጅ ያረፈበት ነው።»

ችኩሌ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ ብጨርሰውስ?»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ፣ ሳይነጋገር፣ ጥግ ወደቆመው ቁምሳጥን ዞረ።

የቁምሳጥኑ ስም «ጅቡ» ነው።

ነገሩ የሆነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ችኩሌ «ዛሬ እኔ ላቅልም፣ ምኑ ይከብዳል፣ ጨርቅ ነክሮ መለቅለቅ አይደለም እንዴ?» አለ። ቀሴ አፏን ይዛ ሳቀችና ቆርቆሮውን ሰጠችው። በብርጭቆ ወረቀት ያልተላገ ቦታ ነበር፣ ዘለለው። አቧራውን እንኳ አልጠረገም። ቀለሙን ለቀለቀ። አሁን ትንሽ ጠብቆ፣ እንጨቱ የሚበቃውን ሲጠጣ ትርፉን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ነው የሚቀረው። እንዳጋጣሚ ግን ይሄው ግድግዳ ቀቢ በአጥር በኩል ብቅ አለ። «ሰማህ አይደል፣ ያ ልብስ ሰፊ ምን እንደሆነ?» አለው። ችኩሌ ሄደ። ወሬው ጣፋጭ ነበር። ሲመለስ ቀለሙ እንደ ማር ተጣብቋል። እዚህ ቢፈትግ ገረጣ፣ እዚያ ቢተወው ጠቆረ። የተቆረጡት የሳንቃ ጫፎችማ፣ እነሱ ሲፈጥራቸው ጠጪ ናቸው፣ ከሰል ሆነው አረፉት።

ቀሴ መጥታ አየችው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እየሳቀች መሬቱን ትመታ ነበር።

«ጅብ! ጅብ ሠራህልኝ!»

ደንበኛው አልወስድም አለ። ችኩሌ ፈልጦ ሊያነደው መጥረቢያ አነሳ። እሷ ቀማችው። «ይቀመጥ። የተጣላን ቀን እሱን አይቼ እታረቅሃለሁ።» እውነትም ስንቴ በጅቡ ታረቁ! እሱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የቀለም ጨርቅ በእጁ አልያዘም።

ይኸው አሁን ልብሷ ሁሉ ያለው ጅቡ ሆድ ውስጥ ነው።

ችኩሌ ተነስቶ ወጣ። «አየር ልቀበል» አለ። ማንም አላመነውም፣ ማንም አልከለከለውም።

ጓሮ ያለው የእንጨት ሥራ ቤቱ ቀሴ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ አልተከፈተም። የሰጋቱራው ሽታ ተቀበለው። ሁለቱ ክንፎች መደገፊያው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ማጠፊያቸው ገና አልተመታም። የእሷ ክንፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ጠይም፣ ጅማቱ ጥርት ያለ። ሌላኛው ክንፍ ራቁቱን ነው።

ቀና ሲል ሽቦው ላይ ጨርቋን አየ።

አራቱም ጫፍ ተዘርግቶ ነው የተሰጣው። «ጨርቁን ጨብጠህ አትወርውር» ትለው ነበር ሁልጊዜ። «ይሄ ቀለም ዘይት አለው። ተጨብጦ ካደረ ራሱ እሳት ይጭርና ከነቤታችን ያነደናል። ዘርጋው፣ ይተንፍስ።» እሱ ይወረውራል፣ እሷ እያነሳች ትዘረጋለች። ሃያ ሁለት ዓመት።

የቆርቆሮውን ክዳን ነካው። ዙሪያውን ጥብቅ ብሎ ተመትቷል። ቀለሙ ከግማሽ በላይ አለ። ቆም አለ፣ ለእሱ ብርቅ ነው ይሄ። «ድንገት የደከመው ሰው» አለ ለራሱ፣ «ክዳን ዙሪያውን ይመታል? ጨርቅ ያሰጣል?»

«አባዬ፣ አደራህን!» ልጅቷ ተከትላው መጥታለች። «እንዳትነካው!»

«ማየት ክልክል ነው እንዴ?» አለና ራቁቱን ክንፍ ገለበጠው።

ከሥሩ ሦስት የቀለም መስመር አለ፤ እያንዳንዳቸው ጣት የሚያህሉ። ከጎናቸው በእርሳስ ተጽፏል። የቀሴ ጽሑፍ ነው፣ ደቃቅ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። ችኩሌ መነጽሩ ሳሎን ቀርቷል።

«አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። የመጀመሪያው መስመር ገርጥቷል። «በችኩሌ ሰዓት» ይላል። ሦስተኛው ጠቁሮ ተጨማዷል። «በወሬ ሰዓት።» ድምጿ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አይለይም። መካከለኛው ልክ እንደዚያኛው ክንፍ ጠይም ነው።

«እሱስ ምን ይላል?»

«ሻይ እስኪበርድ።»

ቀሴ ለራሷ እንዲህ በመስመር ሞክራ አታውቅም፤ በዓይኗ ነው የምታውቀው። ቀለሙን ቀብታ፣ ሻይ ቀድታ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ትላለች። «እንጨቱ የራሱን ይጠጣ፣ እኔም የራሴን። ሻዬ ለአፍ ሲሆን እሱም ይበቃዋል።» ችኩሌ «ሰዓት አታዪም?» ሲላት፣ «ሰዓት ቁጭ አያደርገኝም፣ ሻይ ግን ቁጭ ያደርገኛል» ትለው ነበር።

«ለማን ነው የጻፈችው?» አለች ልጅቷ፣ እያወቀችው።

«ለጅቡ አባት ነዋ፤ ይሄን ክንፍ አውቃ ነው የተወችልኝ» አለ ችኩሌ። በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። «ፔርሙሱን አምጪ።»

ልጅቷ ሳትንቀሳቀስ ትንሽ አየችው። ከዚያ ሄደች።

መጀመሪያ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጅማቱን ተከትሎ ላገው። እነዚያን ጠጪ ጫፎች ሁለት እጥፍ ላጋቸው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ፣ እስኪደርቅ ቆመ፣ ደግሞ ዳሰሰው። ቆርቆሮውን ከፍቶ ከሥሩ አማሰለ፤ ቀለሙ ታች ይተኛልና። ከዚያ ሌላ ጨርቅ ነክሮ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ጎተተው። መሐል ላይ አላቆመም። ተንፍሶ እንደሆነም እንጃ።

«ቅጂ» አለ።

ልጅቷ ቀዳች። በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። የሻዩ እንፋሎት ይትጎለጎላል።

ለቀስተኛው ያኔ ነው የነቃው። በሩ ላይ ጭንቅላት በጭንቅላት ሆነ። ጡሩንባ «እየደረቀበት ነው!» ብላ አንሾካሾከች፤ ሦስት ቤት ሰማ። ችኩሌ እጁን ወደ ብርጭቆው ሰደደ።

«ይሞቃል» አለች ልጅቷ።

እጁን ሰበሰበ። ከጭኑ ሥር ደበቀው።

«ስማ፣ ችኩሌ» አለ ግድግዳ ቀቢው፣ ሊያጽናናው አስቦ። «ያ ደላላ የሰው ቤት ለባለቤቱ መልሶ ሊያከራይ ሲል ምን እንደሆነ ሰምተሃል?»

ወይ ፈተና! የችኩሌ ጆሮ ቆመ። እንዲህ ያለ ወሬ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ፣ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«ነገ ንገረኝ» አለ።

ሰው ሁሉ ተያየ። ጡሩንባ እንኳ አፏን በነጠላ ሸፈነች።

ችኩሌ ደግሞ እጁን ሰደደ። «ገና ነው፣ አባዬ።» እንፋሎቱን እያየ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ የተቀመጠችውን ሴት፣ እንዲህ ቁጭ ስትል ምን ታስብ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም። አሁን ቁጭ ብሎ እንጨቱን ሲያይ ገባው፤ ምንም አታስብም፤ እንጨቱ ሲጠጣ ነበር የምታየው። እውነትም ያምራል። ቀለሙ ሲሰርግ ጅማቱ ቀስ እያለ ብቅ ይላል፣ እንደ ሰው ፊት።

ብርጭቆውን አነሳ። ከንፈሩን አስነካ። ምላሱ አልተቃጠለም።

«አሁን!»

ንጹሕ ጨርቅ አንስቶ፣ ጅማቱን ተከትሎ፣ ረጅም ረጅም አድርጎ ጠረገው። ልጅቷና ግድግዳ ቀቢው የእሷን ክንፍ አንስተው ከጎኑ አስጠጉለት። ጡሩንባ ሰውን በክርኗ ገፍታ ገባች። አየች። ደግማ አየች።

«የትኛው ነው የእሷ?» አለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት አንሾካሾከች።

አንድ ጥግ ላይ፣ የተቆረጠው ጫፍ አጠገብ፣ የአውራ ጣት ያህል ጠቁሯል። ችኩሌ ብርጭቆ ወረቀት ሊያነሳ ተወረወረ። ልጅቷ እጁን ያዘችው።

«እሷን ተዋት። የጅቡ ጆሮ ናት። ሲከፋኝ አያታለሁ።»

ችኩሌ ሳቀ። በአራት ቀን የመጀመሪያው ነው። ከዚያ እንደ ልማዱ የቀለሙን ጨርቅ ጨብጦ ወደ ጥግ ሊወረውር ክንዱን አነሳ፤ ክንዱ ግን አየር ላይ ቀረ።

ጣቶቹን ፈታ። ወደ ሽቦው ሄደ። ከእሷ ጨርቅ ጎን፣ አራቱን ጫፍ አንድ በአንድ እየጎተተ፣ ቀስ ብሎ ዘረጋው።