ሦስቱ ግራም የት ገባ?

ጁነይድ ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ ወጣት ነው። የገራዶውን ገበሬ የጀላልን ልጅ ቢልቂስን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው መህር አሥር ግራም ወርቅ እንዲሆን ከቤተሰቧ ጋር ተስማማ። በዚያው ሰሞን ደሴ ከሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ገብቶ ዋጋ ጠየቀና ያን የሚያህል ብር ማጠራቀም ጀመረ። ትርፍ ሰዓት እየሠራ፣ ምሳውንም አንዳንዴ እየዘለለ ቆየ። ብሩ የሞላለት በ2016 ክረምት መውጫ ላይ፣ ጋብቻው ለሚታሰርበት ለኒካሁ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር።

ወደዚያው ወርቅ ቤት ሲመለስ ባለቤቱ ጸጋው ምን ያህል ብር እንደያዘ ጠይቆ ካሰላ በኋላ አንዲት ቀጭን ሐብል ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ሰባት ግራም ነበረች።

«አሥር ነው ያልኩህ» አለ ጁነይድ።

«በዚህ ብር የሚመጣው ሰባት ነው።»

«ያን ጊዜ አሥር ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ያን ጊዜ ልክ ነበር። የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ወርቁም አብሮ ወጣ። እኔም ብሆን ዋጋውን ጠዋት ጠዋት ደውዬ ነው የምሰማው።»

«እኔ ዶላር በእጄ ይዤ አላውቅም። ወርቁስ የዚሁ አገር አይደል እንዴ?»

«የዚሁ አገር ነው። ግን ውጭ በዶላር ስለሚሸጥ ዋጋው የሚሄደው ከዶላሩ ጋር ነው። ዶላሩ ተወደደ ልበል፣ ብሩ ረከሰ ልበል፣ እኔም ተምታቶብኛል።»

ጁነይድ ሌላ ሳምንት ቢቆይ ስድስት እንዳይሆንበት ፈርቶ ሐብሏን ገዛ። ወደ ገራዶ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ነገሩን ደጋግሞ አሰበው። ካጠራቀመው አንድ ብር አልነካም። ወርቁም ያው ወርቅ ነው። ታዲያ ሦስቱ ግራም የት ገባ?

ጀላልን ከእህቱ ከጣይባና ከቢልቂስ ጋር ተቀምጦ አገኘው። ሰላምታ ተለዋውጠው ሲያበቁ ጁነይድ የሆነውን ነገራቸው።

«ብሩ ጎድሎብህ ነው?» አለ ጀላል።

«አልጎደለም አባ፣ ሞልቷል።»

«ወርቅ ሻጩ በሚዛን ሸውዶህ ነው?»

«ኧረ እሱም አልሸወደኝም።»

«አንተም ሙሉ ከሰጠህ፣ እሱም ሙሉ ከመዘነ፣ እንዴት ሰባት ሆነ?»

«ወላሂ አባ፣ እኔም አልገባኝም።»

ጀላል ወደ ጁነይድ ጠጋ አለ። «ጫት ቅመህበት እንደሆነ ንገረኝ። አልቆጣህም» አለው።

ጁነይድ ፊቱ ጋለ። «አልቃምኩበትም። አባ፣ ልጠይቅዎ፤ በሬ ሸጠው ብሩን ቤት ቢያስቀምጡት፣ በዓመቱ በዚያው ብር በሬ ይገዙበታል?»

«አልገዛበትም። በሬ ይወደዳላ።»

«ጤፉስ?»

«ጤፉም ተወዷል።»

«ጨርቁ፣ ማዳበሪያው?»

«እሱስ ተወው።»

«ሁሉም በአንዴ ከተወደደ፣ የተወደደው ዕቃው ነው ወይስ የረከሰው ብሩ?»

ጀላል ከኪሱ የመቶ ብር ኖት አወጣ። «መቶ ብር መቶ ብር ነው። ተጽፎበታል እኮ» አለ።

እስካሁን ያላወራችው ጣይባ ነጠላዋን አስተካከለች። «የኔ መህር አምስት መቶ ብር ነበር፤ ግማሹ እንኳን ሳይሰጠኝ ሁሉም ይቆይ ተባለ። ያን ጊዜ ጥሩ በሬ ይገዛ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ስንፋታ ሰውየው ሽማግሌዎቹ ፊት አምስት መቶውን ሳያጎድል ሰጠኝ። ሐቋን ወስዳለች ብለው መረቁን። እኔም ሹራብ ገዛሁበት። ሐቄን አግኝቻለሁ ወይስ ተከልክያለሁ? እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

ቢልቂስ አክስቷን ስታይ ቆይታ ወደ ጁነይድ ዞረች።

«ሰባቱን አሁን እቀበላለሁ። ሦስቱ በዱቤ ይቆይልኝ። ግን በብር አይጻፍ፣ በግራም ይጻፍ።»

ጁነይድ ደነገጠ። «ሦስት ግራም ያኔ ስንት ብር እንደሚሆን ሳላውቅ እንዴት እፈርማለሁ?»

«እኔስ በብር ቢጻፍ ያኔ ምን እንደሚገዛልኝ አውቃለሁ?»

«ወርቁ ቢረክስስ?»

«ይርከስ። ኪሳራው የኔ ይሁን።»

ጁነይድ ወዲያው እሺ ለማለት አልደፈረም። ሐብሏን እያገላበጠ በር ስንት ቢበይድ ሦስት ግራም እንደሚያመጣ ሊያሰላ ሞከረ። የብረቱም ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለወጥ አልሆነለትም። ቢልቂስን አያት፤ እሷም እንደሱ ግራ ገብቷታል፤ ግን ዓይኗን አልሰበረችም።

«እሺ» አለ። «በግራም ይጻፍ።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አለችው ጣይባ።

ኒካሁ በቀኑ ታሰረ። ሸኩ መህሩን ሲጠይቁ ጀላል «ሰባት ግራም እጅ በእጅ፣ ሦስት ግራም በዱቤ» ብሎ ምስክሮቹ ፊት ተናገረ። ከምስክሮቹ አንዱ ሦስቱ በብር ስንት እንደሚሆን ቢጠይቀው፣ «እሱን ማንም አያውቅ» አለው።

በጥቅምት ጀላል አንዱን ወይፈን ሸጠ። ሌላ ጊዜ ብሩን ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ያን ቀን ግን ከገበያው ሳይወጣ ጊደር ገዛበት። ጎረቤቱ ምን አስቸኮለህ ቢለው የጊደሯን ገመድ እጁ ላይ ጠመጠመ። ጊደሯ ልትሞት እንደምትችል ያውቃል፤ ብር ደግሞ ታሞም አያውቅ። ቢሆንም እየጎተታት ወደ ቤቱ ሄደ።