ዓይኑን የማይሰብረው ጥበቃ

ሰኞ ጠዋት በግንባታ ዕቃ መጋዘኑ በር ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ ኃላፊው፣ ጥበቃው፣ የጥበቃው ሚስት እና እኔ። ሚስቱ ታላቅ እህቴ ናት። እኔ ሲሚንቶ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ።

ጥበቃውን ሁሉም «ጎራዴ» ይለዋል። ከፀጉሩ ሥር ተነስቶ ግንባሩን ሰንጥቆ እስከ ቅንድቡ የሚወርድ፣ የጎራዴ ጠባሳ የሚመስል ጎድጓዳ መስመር አለው። ኃላፊው የቀጠረው ያንን አይቶ ነው፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንኳን አልጠየቀውም። ሰውየው ግን ማንንም በጥፊ መትቶ አያውቅም። ቤት ውስጥ አይጥ ካየ ወንበር ላይ ይወጣል።

ደግሞ አንዳንዴ ፈዞ ይቀራል። ዓይኑን ሳያርገበግብ ያፈጣል፣ ሲጠሩት አይሰማም። በቅርቡ አንድ ጫኝ ላይ እንዲህ ፈጦ ሲቀር፣ ጫኙ ከመጋዘኑ ሰርቆ ጃኬቱ ውስጥ የደበቀውን አዲስ የበር ቁልፍ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ኃላፊው «ዱላ የማያስፈልገው ጥበቃ!» እያለ ለደንበኛው ሁሉ አወራ።

እህቴ ግን ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ መስመሩ ጠባሳ እንዳልሆነ ነገረቻቸው። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ የቆዳ ብግነት ነው፤ ከቆዳ አልፎ አንጎሉን ነክቶታል፤ መፍዘዙም ሰውን ሳይጥል የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው አለች። ኪኒን አዘዘችለት። እሱ ኪኒኑን ኪሱ ውስጥ ይዞ ዞረ እንጂ አልዋጠም።

«ማፍጠጤን ከተውኩ ማን ይፈራኛል? የምንበላው እኮ በእሱ ነው» ይላል።

«ብላ እንግዲህ፣ ጭንቅላትህን ሸጠህ ብላ!» ትለዋለች።

ሰኞ ለኃላፊው ራሷ ልትነግረው መጣች። ገና ሰላምታ ላይ እያለን የጭነት መኪና የኋሊት ገባ። ጎራዴ ሊያስገባው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ከኋላው ቆመ። ከዚያ ፈዘዘ። ሾፌሩ ፊሽካ ስላልሰማ መንገዱ ነፃ መስሎት ገፋበት። ሮጬ በቀበቶው ጎተትኩት፤ ተያይዘን ወደቅን።

ኃላፊው አጨበጨበ። «አያችሁ? መኪና ሲመጣበት እንኳን አልሸሸም! ይሄ ነው ወንድ!»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ታሞ ነው» አለች እህቴ።

«ምነው እንዲህ ያለውን በሽታ ለሠራተኞቼ ሁሉ በሰጣቸው!»

ጎራዴ ነቃ። «ምን ሆንኩ?» አለ። እህቴ የመኪናውን የኋላ ጎማ አሳየችው። ፊሽካው ከሥሩ ተጨፍልቋል። ጎራዴ ትኩር ብሎ አየው፤ አሁን ግን እያወቀ ነበር የሚያየው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ውኃ ስጡኝ» አለ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ኃላፊው ደንግጦ።

«ልድን ነው፣ አለቃ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን አላቋረጠም፤ መፍዘዙም ቆመ። ኃላፊው «ዓይኑ ለሰለሰ» ብሎ ከበሩ አንስቶ ደረሰኝ ቆራጭ አደረገው።